ሁለት ክረምት በሌኒንግራድ

የሰው ልጅ ከብርድ ጋር ያደረገው ትግል በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የተሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። ዜና መዋዕሉ ማን እንደ ነገሠ፣ ማን እንደ ዘመተ፣ ማንስ ድል እንደ ነሣ ይተርካል፤ ማገዶውን የፈለጠውን፣ ምድጃውን የለሰነውን፣ የጢስ ማውጫውን ጥላሸት የጠረገውን ግን አያነሣም። ይሁን እንጂ የዓመቱን እኩሌታ በውርጭ ለሚያሳልፍ ሕዝብ የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በእነዚሁ ስም አልባ ሥራዎች ነው።

«ክረምት» የሚለው ቃል ለኢትዮጵያ ደገኛ የዝናብና የጭቃ፣ የአረምና የጉም ወራት ማለት ነው። ባለቤቲቱ በበጋው ኩበቱን ጠፍጥፋና አድርቃ፣ ጭራሮውን ሰብስባ ከጣራ ሥር የምትከምረው ሰማዩ ከጠቆረ በኋላ ደረቅ ማገዶ እንደማይገኝ ስለምታውቅ ነው። የሰሜን አውሮፓ ክረምት መልኩ ሌላ ነው። ወንዙ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ የፀሐይ ብርሃን በቀን ወደ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ይታያል፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ አንዳንዴም 30 ዲግሪ ይደርሳል። ሕጉ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ክረምት የሚሸነፈው በበጋ ነው። ይህንን ሕግ የሌኒንግራድ ሕዝብ በ1941 እና በ1942 በተከታተሉት ሁለት ክረምቶች ከሌላው ሕዝብ ሁሉ በከፋ ዋጋ ተምሮታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የገበሬው ምድጃና የከተማው ማገዶ

የሩሲያ ገበሬ ቤት እምብርት «ፔች» የሚባለው ትልቅ ምድጃ ነበር። ከጡብና ከሸክላ ጭቃ የሚገነባ ሲሆን ስፋቱ ከአንድ አልጋ ይበልጣል። ጠዋት አንድ ጊዜ በደንብ ይነድዳል፤ እሳቱ ከከሰመ በኋላ የጋለው ወፍራም አካሉ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ቀኑንና ሌሊቱን ይለቃል። ዳቦ ይጋገርበታል፤ ሾርባና ገንፎ ይበስልበታል፤ አረጋውያንና ሕፃናት ጀርባው ላይ ይተኛሉ። የዚህ ምድጃ ምስጢር በነበልባሉ ሳይሆን በክብደቱ ላይ ነው፤ ጡቡ የጠዋቱን እሳት ለሌሊት ያስቀምጣል።

በጥንት ዘመን ብዙዎቹ ጎጆዎች የጢስ ማውጫ አልነበራቸውም። ጢሱ ከጣራ ሥር ተንሳፎ በበርና በትንሽ መስኮት ይወጣ ስለ ነበር ግድግዳው ይጠቁራል፤ የነዋሪው ዓይን ይቀላል። ሩሲያውያን እንዲህ ያለውን ቤት ጥቁር ጎጆ ይሉት ነበር። ድሀው በጥቁር ጎጆ የኖረው ከአላዋቂነት የተነሣ አልነበረም። ጢሱ በማውጫ ሲወጣ ሙቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ ማገዶም ጡብም ዋጋ አላቸው። ቀዳማዊ ጴጥሮስ በ1703 በኔቫ ወንዝ አፍ ላይ ፒተርስቡርግን ከመሠረተ በኋላ ግን በአዲሱ ከተማ ጢስ ማውጫ የሌለው ቤት እንዳይሠራ ተከለከለ። በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ አዳራሾችም ሥዕል ባለባቸው ሸክላዎች የተለበጡ የሆላንድ ምድጃዎች ቆሙ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ፒተርስቡርግ ባለ አራትና ባለ አምስት ፎቅ የድንጋይ ከተማ ሆነች። በበጋ ማገዶ የጫኑ ጀልባዎች በኔቫና በከተማዋ ቦዮች እየተሳቡ ይገባሉ፤ እንጨቱ በየግቢው እንደ ግንብ ይደረደራል፤ «ድቮርኒክ» የሚባለው የግቢ ዘበኛ በጀርባው ተሸክሞ በጓሮ ደረጃ ወደየፎቁ ያወጣል። መጸው ሲገባ በየቤቱ ሁለተኛው መስኮት ይገጠማል፤ በመካከሉ ጥጥ ይጠቀጠቃል፤ ስንጥቁ ሁሉ በዱቄት ሙጫ በተለጠፈ ወረቀት ይታሸጋል፤ የጢስ ማውጫ ጠራጊውም ጥቁር ልብሱን ለብሶ በየጣራው ይዞራል። ሙቀት በእኩል የተከፋፈለ አልነበረም። ባለጠጋው ከእያንዳንዱ ክፍል ምድጃ ሲነድለት፣ ከገጠር የመጣው ሠራተኛ በምድር ቤት ወይም ከጣራ ሥር የአንድን ክፍል ጥግ ተከራይቶ በሌሎች ሰዎች ትንፋሽ ይሞቅ ነበር።

በዚሁ ከተማ በ1850ዎቹ ፍራንዝ ሳን ጋሊ የተባለ ባለ ፋብሪካ ፈልቶ የመጣ ውኃ በውስጡ እየዞረ ክፍልን የሚያሞቅ የብረት መሣሪያ፣ ይኸውም በኋላ ራዲያተር የተባለውን ሠራ። መሣሪያው በቅድሚያ የገባው ወደ ባለጠጎች ቤት ነበር። ሰፊው ሕዝብ ከጡብ ምድጃውና ከማገዶው አልተለየም።

ብረት ምድጃ

በአንደኛው የዓለም ጦርነትና ከዚያ በተከተለው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የማገዶው መንገድ ተዘጋ። በ1917 ወደ 2.3 ሚሊዮን ይደርስ የነበረው የፔትሮግራድ ሕዝብ (ከተማዋ ያኔ በዚህ ስም ትጠራ ነበር) በ1920 ወደ 720,000 ወረደ። ረኃብ፣ በሽታና ብርድ የቀሩትን ወደ አንዲት ክፍል ሰበሰቧቸው። ትልቁ የጡብ ምድጃ ብዙ እንጨት ስለሚበላ ሰዎች ከቆርቆሮና ከብረት የተሠራች ትንሽ ምድጃ በክፍሉ መካከል አቆሙ፤ የጢስ ቧንቧዋንም በመስኮት አወጡት። ይህች ምድጃ «ቡርዡይካ» ተባለች፤ ስሟ «ቡርዧ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ቶሎ ትግላለች፤ ቶሎም ትቀዘቅዛለች። ክብደት የሌላት ስለ ሆነች ለነገ የምታስቀምጠው ሙቀት የላትም፤ እሳቱ ሲጠፋ ውርጩ ወዲያው ይመለሳል።

ደራሲው የቭጌኒ ዛምያቲን በ1922 በታተመው «ዋሻ» በተባለ አጭር ልብ ወለዱ ይህን ዘመን ሥሏል። በታሪኩ ውስጥ የተማሩ ባልና ሚስት የሚኖሩበት የፔትሮግራድ ክፍል ወደ ድንጋይ ዘመን ዋሻ ተለውጧል፤ በዋሻው መካከል እንደ ጣዖት የምትመለከው ያች የብረት ምድጃ ናት። ባልየው ለሚስቱ የስም ቀን ቤታቸው አንድ ጊዜ እንኳ እንዲሞቅ ሲል ከጎረቤቱ እንጨት ይሰርቃል። ደራሲው ያነሣው ጥያቄ ከማገዶ የሚያልፍ ነው፤ ሙቀት ሲጠፋ ከሰው ሥልጣኔ የትኛው ክፍል አስቀድሞ ይነድዳል? ከሃያ ዓመት በኋላ ይኸው ጥያቄ በዚያው ከተማ በእጅጉ ገዝፎ ተመለሰ።

ቧንቧው ሲዘረጋ

የሶቪየት መንግሥት በ1920 ያወጣው «ጎኤልሮ» የተባለው አገርን በኤሌክትሪክ የማልማት ዕቅድ ከኤሌክትሪክ ጋር የሙቀትንም ጥያቄ አስነሣ። የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውኃን አፍልቶ በእንፋሎት ተርባይን ሲያዞር ከማገዶው ኃይል ብዙው ክፍል ያለ ጥቅም ይባክናል። መሐንዲሶቹ ያሰቡት ይህንን የሚባክን ሙቀት በቧንቧ ወደ መኖሪያ ቤት ማድረስ ነበር። በኖቬምበር 25 ቀን 1924 በሌኒንግራድ ከሦስተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ የተዘረጋ ቧንቧ በፎንታንካ ወንዝ ዳር ያለውን 96 ቁጥር ሕንፃ ማሞቅ ጀመረ። በኋላ ሞስኮንና ሌሎቹን የሶቪየት ከተሞች ያዳረሰው የጋራ ማሞቂያ ከዚህ ሕንፃ የተነሣ ነበር።

በዚህ ዘዴ ድቮርኒኩ ከሸክሙ ተገላገለ፤ ግቢው ከእንጨት ክምር፣ ክፍሉ ከአመድ ነጻ ሆነ። የፋብሪካ ሠራተኛውም የቀድሞው ባለጠጋ ብቻ ያውቀው የነበረውን ሙቀት አገኘ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን በጸጥታ የተከፈለ ዋጋም ነበረው። በአዲስ ሕንፃ ውስጥ የሚኖረው ቤተሰብ ምድጃ የለውም፤ የጢስ ማውጫ የለውም፤ ማገዶ የሚያስቀምጥበት ሥፍራም የለውም። ሙቀቱ ከሩቅ ጣቢያ፣ የጣቢያው ከሰል ደግሞ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቅ የማዕድን አገር የሚመጣ ነው። ክፍሉ የሚሞቀው ይህ ሰንሰለት ሁሉ ሳይበጠስ ሲቆይ ብቻ ነው።

ያልተጠበቀው ክረምት

ጁን 22 ቀን 1941 የናዚ ጀርመን ጦር ሶቪየት ኅብረትን ወረረ። ሴፕቴምበር 8 ቀን ሌኒንግራድን ከተቀረው አገር ጋር የሚያገናኘው የመጨረሻ የየብስ መንገድ ተቆረጠ። በከበባው ውስጥ ወደ 2.5 ሚሊዮን ሕዝብ ተዘግቶ ቀረ፤ ከዚህም ውስጥ 400,000 ያህሉ ሕፃናት ነበሩ። የጠላት ዓላማ ከተማዋን ወርሮ መያዝ ብቻ አልነበረም፤ ሕዝቧን አስርቦ መጨረስም ነበር። በሌላ በኩል የከተማው መሪዎች ሕዝቡን አስቀድሞ ለማውጣትና ስንቅና ማገዶ ለማከማቸት የነበራቸው ጊዜ በከፊል ባክኗል። በጋው በምሽግ ቁፋሮና በፋብሪካ ማሸሽ አለፈ፤ በየዓመቱ በበጋ ይገባ የነበረው ማገዶና ከሰል በየጣቢያው ቀረ።

በኦክቶበር የከተማው አስተዳደር በአቅራቢያው ባሉት በፓርጎሎቮና በቭሴቮሎዥስክ ደኖች እንጨት እንዲቆረጥ ወሰነ። ለዚህ ሥራ የዘመቱት አብዛኞቹ መጋዝ ይዘው የማያውቁ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ነገር ግን በበጋ ወራት የሚሠራ ሥራ በጥቂት ሳምንት፣ ያውም በተራበ ጉልበት ሊፈጸም አልቻለም። ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 25 የአንድ ሠራተኛ የቀን ዳቦ 250 ግራም፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው፣ የጥገኛውና የሕፃኑ ደግሞ 125 ግራም ብቻ ነበር። የተራበ ሰው ሰውነቱ የሚያነደው ስለሌለው ብርዱ ይጸናበታል፤ የበረደው ሰው ደግሞ ያችኑ ጥቂት ምግብ ራሱን ለማሞቅ ይጨርሳታል። ረኃብና ብርድ ሁለት ጠላቶች መስለው ቢታዩም በሰው አካል ውስጥ አንድ ናቸው።

ማመንጫዎቹ ማገዶ ሲያጡ ኤሌክትሪኩ ቆመ፤ ኤሌክትሪኩ ሲቆም የውኃ መግፊያው ቆመ፤ ውኃው ሲቆም በቧንቧውና በራዲያተሩ ውስጥ ያለው በረዶ ሆነ። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ስለሚጨምር የብረት ቧንቧውን ከውስጥ ሰነጠቀው። በዚህም ሰንሰለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተበጣጠሰ። አስቀድመው የተቸገሩትም በአዲሶቹ ባለ ራዲያተር ቤቶች ያሉት ነበሩ፤ አሮጌ የጡብ ምድጃ ያላቸው ቢያንስ የሚያነዱበት ነበራቸው።

ቡርዡይካ ከሃያ ዓመት በኋላ ተመለሰች። ሰዎች ከበርሜልና ከአሮጌ ቆርቆሮ ሠሯት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ አንዲት ክፍል ገብቶ በዙሪያዋ ተሰበሰበ። ወንበሩ፣ ቁም ሳጥኑ፣ የወለሉ ጣውላ፣ መጻሕፍቱ በየተራ ተማገዱ። በሌላ ዓመት መስኮት የሚታሸግበት የዱቄት ሙጫ ዘንድሮ ከግድግዳ ወረቀት ላይ እየተፋቀ ተበላ። በችኮላ የተሠራ የጢስ ቧንቧ ግድግዳ ሲነካ ብዙ ቤቶች ተቃጠሉ፤ ለማጥፊያ ውኃ ስላልነበረ አንዳንዱ ሕንፃ ለቀናት ይነድድ ነበር። ሙቀት ባጣ ከተማ ቤት በእሳት ሲያልቅ ሰዎች ቆመው የሚመለከቱበት ጊዜ ነበር።

በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ 1942 በእያንዳንዱ ወር የሞተው ሕዝብ ወደ 100,000 ይጠጋል። ከጦርነቱ በኋላ በኑረምበርግ ፍርድ ቤት የቀረበው በከበባው ዘመን በረኃብ የሞቱት ሰዎች ቁጥር 632,253 ሲሆን፣ በኋላ የተነሡ የታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ በእጅጉ ከፍ አድርገው እስከ አንድ ሚሊዮን ያደርሱታል።

ያልተማገደው

በዚያ ክረምት የነደደውን ሁሉ የሚወቅስ ሰው ብርዱን አያውቀውም። ልጇን ለማሞቅ መጽሐፍ ያነደደች እናት ለታሪክ መልስ የምትሰጥበት ዕዳ የለባትም። ይሁን እንጂ ያልነደዱ ነገሮች መኖራቸው ሊነገር ይገባል።

በሳልቲኮቭ ሽቸድሪን ስም ይጠራ የነበረው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በከበባው ዘመን ሁሉ አልተዘጋም። ትልልቆቹ የንባብ አዳራሾች ሲቀዘቅዙ አንባቢው በትንሽ ክፍል ይስተናገድ ነበር። ሠራተኞቹ በሚሊዮን በሚቆጠር ወረቀት መካከል በብርድ እየሞቱ ወረቀቱን አልማገዱም። የሙዚቃ ቀልድ ቴያትር ተዋንያን ተመልካቹ ካፖርቱን ሳያወልቅ በሚቀመጥበት አዳራሽ ስስ የመድረክ ልብስ ለብሰው መጫወታቸውን ቀጠሉ። ባለቅኔዋ ኦልጋ ቤርግሆልትስ ከሬዲዮ ጣቢያው ሆና በጨለማ ለተቀመጠው ሕዝብ ግጥሟን ታሰማ ነበር። የበጋው መናፈሻ የሚባለው ጥንታዊ የአትክልት ሥፍራ ሐውልቶቹ በመሬት ውስጥ ተቀብረው፣ ዛፎቹ ሳይቆረጡ ክረምቱን አሳለፈ።

ከሁሉ ይልቅ ኢትዮጵያዊውን አንባቢ የሚመለከተው በቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ የነበረው የዕፀዋት ምርምር ተቋም ታሪክ ነው። ተቋሙን ያደራጀው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከደጋው ማሳዎች የስንዴ፣ የገብስና የሌሎችም ሰብሎች ዘር ሰብስቦ ነበር፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማእከሎች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። የኢትዮጵያ ገበሬ በብዙ ትውልድ ሥራ ያዳበራቸው ዘሮች በዚያ ተቋም ስብስብ ውስጥ ነበሩ። ቫቪሎቭ ራሱ በ1940 በገዛ መንግሥቱ ተይዞ ነበር፤ በጃንዋሪ 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። ባልደረቦቹ ግን ሥራውን አልተዉም። ሩዝ ተመራማሪው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሩዝ ከረጢቶች መካከል፣ የለውዝ ተመራማሪው አሌክሳንደር ሽቹኪን ደግሞ በሥራ ጠረጴዛው ላይ በረኃብ ሞቱ፤ ከዘሩ አልቀመሱም።

ደረቅ ዘር ብርድን ይችላል፤ የድንች ሥር ግን ውርጭ ከነካው ይበሰብሳል። በመጸው 1941 ከከተማ ውጭ ካለው ማሳ በመድፍ ድብደባ ሥር ተነቅሎ የመጣው የድንች ስብስብ በተቋሙ ምድር ቤት ተቀመጠ። ጠባቂዎቹ ሣጥን፣ ወረቀት፣ የፍርስራሽ እንጨት እየለቀሙ ያን ምድር ቤት ያሞቁ ነበር። ለራሳቸው ክፍል የሚበቃ ማገዶ የሌላቸው ሰዎች ያገኙትን ለድንች ማንደዳቸው ለተራ አእምሮ እንግዳ ነገር ነው። ነገሩ የሚገባው ሙቀትን ለነገ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ለተረዳ ነው። በ1942 ጸደይ ያ ድንች በከተማዋ ዙሪያ ተተከለ። የጡብ ምድጃ የጠዋቱን እሳት ለሌሊት እንደሚያስቀምጥ፣ እነዚያም ሰዎች የክረምቱን እሳት ለሚቀጥለው መኸር አስቀመጡት።

የ1942 በጋ

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የተረፈው ሕዝብ አስቀድሞ ያደረገው ከተማውን ማጽዳት ነበር። ከማርች 27 እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 1942 በየቀኑ ወደ 300,000 ሰው ወጥቶ ወደ አንድ ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ቆሻሻና በረዶ ከየጎዳናውና ከየግቢው አነሣ። ኤፕሪል 15 ቀን የመንገደኛ ትራም እንደገና ተንቀሳቀሰ። በክረምቱ የላዶጋን ሐይቅ የበረዶ መንገድ ተሻግሮ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወጥቶ ነበር፤ በበጋው በመርከብ ሌላውም ተከተለ። በዓመቱ መጨረሻ በከተማዋ የቀረው ሕዝብ ወደ 640,000 ያህል ነበር። ከዚህም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ።

ጦርነቱ አላለቀም፤ ሁለተኛው ክረምት እንደሚመጣ የታወቀ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ሕዝቡ ኦክቶበርን አልጠበቀም። በአደባባዮችና በመናፈሻዎች ጎመንና ድንች ተተከለ፤ በቅዱስ ይስሐቅ ካቴድራል ፊት ለፊት የበቀለው ጎመን የዚያ በጋ ምልክት ሆኖ በፎቶግራፍ ቀርቷል። ከረግረግ የሚቆፈረውን «ቶርፍ» የተባለ አፈር መሰል ማገዶ ለማውጣት ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆሙ። ጁን 18 ቀን ከላዶጋ ሐይቅ ሥር የተዘረጋ የነዳጅ ቧንቧ ሥራ ጀመረ። ሴፕቴምበር 23 ቀን ደግሞ ከቮልኾቭ የውኃ ኃይል ማመንጫ የመጣ ኤሌክትሪክ በሐይቁ ወለል ላይ በተዘረጋ ገመድ ወደ ከተማዋ ገባ። የተበጠሰው ሰንሰለት በውኃ ሥር እንደገና ተቀጠለ።

የማገዶው ጥያቄ የተፈታው በከበደ ውሳኔ ነበር። በኖቫያ ዴሬቭኒያ፣ በኦኽታና በሌሎችም የከተማዋ ዳርቻዎች በሺህ የሚቆጠሩ የእንጨት ቤቶች እንዲፈርሱ ታዘዘ። ሥራ መሥራት የሚችል እያንዳንዱ ሰው አራት ሜትር ኩብ እንጨት የማዘጋጀት ግዴታ ነበረበት፤ ሁለቱ ለራሱ፣ ሁለቱ ለከተማው። ይህ ክፍፍል ቀላል ቢመስልም ካለፈው ክረምት የተገኘው ትምህርት ሁሉ ተጠቃሎ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። ለራሱ ብቻ ያከማቸ ሰው ክፍሉን ቢያሞቅም ዳቦ ቤቱና ሆስፒታሉ ይቆሙበታል። ለከተማው ብቻ የሠራ ደግሞ ቧንቧው በተበጠሰ ሌሊት ባዶ ምድጃ ፊት ይቀመጣል። አንዱ ዋስትና ሌላውን አይተካም።

ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች በድንጋይ ሕንፃዎች ውስጥ ባዶ ወደ ቀሩ ክፍሎች ተዛወሩ። ክፍሎቹ ባዶ የሆኑት የቀድሞ ነዋሪዎቻቸው ስለ ሞቱ ወይም ስለ ተሰደዱ ነበር። አባቶች በመጥረቢያ ጠርበው ያቆሙትን ቤት ልጆች በመጋዝ ቆርጠው ለሚነድድ ማገዶ ደረደሩት። ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው መጋዙን ይስባሉ፤ የቤቱን ጠርብ በመለኪያ ቆጥረው፣ ድርሻቸውን በትራምና በጋሪ ያጓጉዛሉ። የተሰነጠቁ ቧንቧዎች ተበየዱ፤ የሚቀዘቅዙት በጨርቅና በመጋዝ ዱቄት ተጠቀለሉ፤ መስታወት የሌላቸው መስኮቶች በጣውላ ተደፈኑ፤ የጢስ ማውጫዎች ተጠረጉ።

በዚያው በጋ፣ ኦገስት 9 ቀን 1942፣ የሬዲዮ ኦርኬስትራው በካርል ኤልያስቤርግ መሪነት የዲሚትሪ ሾስታኮቪችን ሰባተኛ ሲምፎኒ በከተማዋ አዳራሽ አሰማ። ይህ ምሽት በዓለም ሁሉ ዝነኛ ነው፤ ዝናውም የሚገባው ነው። ነገር ግን በዚያው ወቅት በኦኽታ ጣራ ላይ ወጥተው ምስማር ይነቅሉ የነበሩት ሴቶች ሥራ ከሙዚቃው ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊጠራ ይገባዋል። ሙዚቃው ሕዝቡ ሰው እንደ ሆነ አስታወሰው፤ እንጨቱ እስከ ጸደይ በሕይወት አቆየው።

ሁለተኛው ክረምት መጣ፤ የመድፉ ድብደባም አልቆመም። በከተማዋ የሚሞተው ሰው ግን በ1942 መጨረሻ በወር ወደ ጥቂት ሺህ ወርዶ ነበር። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ቀንሷል፤ ደካሞቹ አስቀድመው ሞተዋል ወይም ወጥተዋል፤ የዳቦው መጠን ጨምሯል። ያም ሆኖ የተዘጋጀው ማገዶ፣ የተጠገነው ቧንቧና የተጠረገው ጢስ ማውጫ ድርሻቸው ታላቅ ነበር። ጃንዋሪ 18 ቀን 1943 የከበባው ቀለበት ተሰበረ፤ ጃንዋሪ 27 ቀን 1944 ከበባው ፈጽሞ ተነሣ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 872 ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ

ከጦርነቱ በኋላ የጋራ ማሞቂያው ቧንቧ ከቀድሞው ሰፍቶ ተዘረጋ፤ ቡርዡይካም ወደ ሙዝየም ገባች። በ1991 የቀድሞ ስሟ የተመለሰላት ፒተርስቡርግ ዛሬም አብዛኛውን ሙቀቷን የምታገኘው ከዚሁ መረብ ነው። በሩሲያ ከተሞች የውጭው ሙቀት ለአምስት ተከታታይ ቀናት በአማካይ ከ8 ዲግሪ በታች ሲሆን የማሞቂያው ወራት ይከፈታል። ትክክለኛው የክረምት ዝግጅት ግን ከዚያ ብዙ አስቀድሞ ይጀመራል። በበጋ፣ ማንም ሙቀትን በማያስብበት ጊዜ፣ ሠራተኞች ቧንቧውን ከተለመደው በላቀ ግፊት በውኃ ይሞሉታል። ደካማው ቧንቧ በዚያ ፈተና ይፈነዳል፤ እንዲፈነዳም ይፈለጋል፤ በጁላይ የፈነዳ ቧንቧ በሁለት ቀን ሲጠገን በጃንዋሪ የፈነዳው ሰፈር ያቀዘቅዛልና። ራዲያተሩ ከደለሉ ይታጠባል፤ መዝጊያው ይፈተሻል። ይህ ሥራ ጭብጨባ የለውም፤ በደንብ የተሠራ እንደ ሆነ ማንም ሰው መሠራቱን ሳያውቅ ክረምቱ ያልፋል።

የጋራው መረብ ጉድለትም አልታጣበትም። ነዋሪው የክፍሉን ሙቀት በራሱ እጅ ለማስተካከል የማይችልበት ቤት ብዙ ነው። ክፍሉ ሲግልበት በውርጭ መካከል መስኮት ይከፍታል፤ ሲቀዘቅዝበት ደግሞ ቅሬታውን ይዞ ይጠብቃል። ሁሉን ከማእከል የሚጠብቅ ሰው ምድጃ መለሰን ይረሳል። ማእከሉን የናቀም በየክፍሉ ብቻውን ይቀዘቅዛል። ሁለት ለራስ፣ ሁለት ለከተማ የሚለው የ1942 መስፈሪያ ዛሬም ዋጋ ያለው ስለዚህ ነው።

በፒተርስቡርግ መቃብሮች በጅምላ የተቀበሩት ሰዎች አብዛኞቹ የሞቱት በመጀመሪያው ክረምት ነው። በሁለተኛው ክረምት በሕይወት የተረፉት ግን መታሰቢያ ድንጋይ የላቸውም፤ መታሰቢያቸው ከዚያ በኋላ የወለዷቸው ልጆች ናቸው። በመካከሉ ያለው አንድ በጋ ብቻ ነው፤ ሴቶች መጋዝ የሳቡበት፣ ረግረግ የቆፈሩበት፣ ቧንቧ የበየዱበት በጋ። የታሪክ ጸሐፊ ስለ ክረምት ሲጽፍ መጀመር ያለበት ከዚያ ወራት ነው።